የቻይና ጥበብ ዲጂታል ስብስብ በዩኒቨርሲቲ፦ የተበታተነን ቅርስ በመዝገብ ማገናኘት

በሰሜናዊ ቻይና በሄቤይና በሻንሺ ግዛቶች ከ1,300 እስከ 1,500 ዓመታት በፊት ከዐለት ተፈልፍለው የተሠሩ የቡድሃ እምነት ዋሻ መቅደሶች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከፍተኛ ዘረፋ ደርሶባቸዋል። የሐውልቶቹ ራሶችና እጆች፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉ አካላቸው ከግድግዳው እየተቆረጡ ተወስደው ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ተሸጠዋል። ዛሬ እነዚህ ቅርሶች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን በሚገኙ ሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ተበታትነው ይገኛሉ። ራሱ በአንድ አህጉር፣ አካሉ በሌላ አህጉር የቀረ ሐውልትም አለ።

ይህን የተበታተነ ቅርስ ቢያንስ በምስልና በመዝገብ መልሶ ለማገናኘት ከተደረጉት ጥረቶች መካከል በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተከናወነው ሥራ በስፋት ይታወቃል። ሥራው የቻይናን ጥበብ የሚመለከት ቢሆንም፣ ዲጂታል ስብስብ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ምን ዓይነት ስምምነትና የሰው ኃይል እንደሚጠይቅ፣ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲጂታል ስብስብ ምንድን ነው?

የጥበብ ሥራዎችን ፎቶግራፍ አንስቶ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ብቻውን ዲጂታል ስብስብ አያሰኝም። አንድ ምስል የስብስብ አካል የሚሆነው ሥራው ምን እንደሆነ፣ በማን፣ መቼና የት እንደተሠራ፣ ከምን እንደተሠራ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ፣ አሁን በማን እጅ እንደሚገኝ፣ እዚያስ እንዴት እንደደረሰ የሚገልጽ መረጃ አብሮት ሲመዘገብ ነው። ይህ መረጃ ከሌለ ምስሉ ባለቤቱ እንዳልታወቀ ፋይል በመጋዘን ከመከማቸት አያልፍም።

ስለዚህ የስብስብ ባለሙያው ተግባር አራት ነገሮችን ያጠቃልላል። የመጀመሪያው ምን መካተት እንዳለበት መምረጥ ነው። ሁለተኛው ጥራቱ የተጠበቀ ምስል ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው መረጃውን በአንድ ወጥ ሥርዓት መመዝገብ ነው። አራተኛው ደግሞ ስብስቡ ከዓመታት በኋላም ሊከፈትና ሊነበብ በሚችልበት ሁኔታ መጠበቅ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በዩኒቨርሲቲ መከናወኑ የራሱ ምክንያት አለው። አንድ ሙዚየም በአብዛኛው የሚመዘግበው በራሱ ይዞታ ሥር ያለውን ቅርስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱ ያልሆኑትንና በብዙ ተቋማት የተበታተኑትን ሥራዎች በአንድ የምርምር ጥያቄ ዙሪያ ማሰባሰብ ይችላል። የጥንታዊ ቻይንኛ ጽሑፍ አዋቂዎች፣ የጥበብ ታሪክ ምሁራን፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም በአንድ ግቢ ይገኙበታል።

የሺያንግታንግሻን ዋሻዎች

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጥበብ ታሪክ ትምህርት ክፍል የምሥራቅ እስያ ጥበብ ማዕከል የተቋቋመው በ2003 ሲሆን፣ መሥራቹ የቻይና ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ዉ ሁንግ ናቸው። ማዕከሉ ካከናወናቸው ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የሺያንግታንግሻን ዋሻዎች ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ በዶክተር ካትሪን ጺያንግ መሪነት ተካሂዷል።

የሺያንግታንግሻን ዋሻዎች በሄቤይ ግዛት በሃንዳን ከተማ አስተዳደር ሥር ይገኛሉ። ዋና ዋናዎቹ ዋሻዎች የተፈለፈሉት ከ550 እስከ 577 በዘለቀው በሰሜናዊ ቺ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ሥርወ መንግሥቱ የገዛው ለ27 ዓመታት ብቻ ቢሆንም፣ ነገሥታቱና ከፍተኛ ሹማምንቱ ለቡድሃ እምነት በሰጡት ድጋፍ በኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ ታላላቅ መቅደሶችን አሠርተዋል። ዋሻዎቹ ሰሜናዊና ደቡባዊ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። በሰሜናዊው ክፍል ሦስት ትላልቅ ዋሻዎች፣ በደቡባዊው ክፍል ደግሞ ሰባት ዋሻዎች ይገኛሉ። በሰሜናዊው ክፍል ባለው ደቡብ ዋሻ ከ568 እስከ 572 ባሉት ዓመታት የእምነቱ ቅዱሳት ጽሑፎች በድንጋይ ላይ መቀረጻቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ይገኛል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ አገዛዝ ሲዳከምና በ1912 ሲያበቃ፣ ከማእከል ርቀው የሚገኙ ቅርሶችን የሚጠብቅ ጠንካራ አካል አልነበረም። በሌላ በኩል በአውሮፓና በአሜሪካ የቻይና ሐውልት ፈላጊዎች እየበዙ፣ ዋጋውም እየናረ ሄደ። በዚህ የተነሣ በርካታ ሐውልቶች ከሺያንግታንግሻን ተነቅለው ወደ ውጭ ተጋዙ። ለምሳሌ ከደቡባዊው ክፍል ከሁለተኛው ዋሻ የተነሣና የቡድሃ አሚታባን ምዕራባዊ ገነት የሚያሳይ ትልቅ የድንጋይ ቅርጽ ከ1921 ጀምሮ በዋሽንግተን በፍሪር ጋለሪ ይገኛል። የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየምና በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከእነዚሁ ዋሻዎች የወጡ ሐውልቶች ካሏቸው ተቋማት መካከል ናቸው።

ስብርባሪው ከቦታው ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?

አንድ የቡድሃ ራስ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ ውብ የጥበብ ሥራ ሆኖ ይታያል። በዋሻው ውስጥ ግን የአንድ መሠዊያ አካል ነበር። ግራና ቀኙ ሌሎች ሐውልቶች ቆመውለት፣ ከበላዩ ጌጥ ተቀርጾለት፣ አጠገቡ ጽሑፍ ተጽፎለት በአንድነት ትርጉም ይሰጥ ነበር። ሲነቀል የጠፋው ይህ ትርጉም ነው። የፕሮጀክቱም ዓላማ እያንዳንዱ ስብርባሪ ከየትኛው ዋሻ፣ ከየትኛው ግድግዳና ከየትኛው ሐውልት እንደተነሣ በማስረጃ መለየት ነበር።

ለዚህም በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች የሚገኙት ስብርባሪዎች በሦስት አውታር መቅረጫ መሣሪያ ተቀርጸዋል። መሣሪያው በሐውልቱ ገጽ ላይ ብርሃን በማሳረፍ የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይለካል። ውጤቱም በኮምፒዩተር ላይ ከየአቅጣጫው እየተዞረ ሊታይና ሊለካ የሚችል ቅርጽ ነው። ሐውልቱ ከቦታው ሳይንቀሳቀስና ሳይነካ ትክክለኛ መጠኑ ይታወቃል። በዋሻዎቹ ውስጥ የቀሩት ግድግዳዎችና የተቆረጡ አካላትም በተመሳሳይ ሁኔታ ሲለኩ የተሰበረው ራስ ከአንገቱ ስብራት ጋር ይገጥም እንደሆነ በኮምፒዩተር ማነጻጸር ይቻላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ብቻውን መልስ አይሰጥም። አንድ ስብርባሪ ከተነሣ በኋላ ነጋዴዎች ጠርዙን አስተካክለው ሊሆን ይችላል። የግድግዳው ስብራትም በዘመን ብዛት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ወሳኝ ማስረጃ የሚሆኑት አሮጌ ፎቶግራፎች ናቸው። የጃፓን ምሁራን የሆኑት ሚዙኖ ሴይቺና ናጋሂሮ ቶሺዎ በ1936 በሺያንግታንግሻን ያደረጉት ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው። በፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ሐውልት በአንድ ሙዚየም ካለው ጋር ሲመሳሰል ወይም በቦታው ባዶ ሆኖ የተገኘው ግድግዳ ስፋት ከስብርባሪው መጠን ጋር ሲስማማ ማስረጃው እየጠነከረ ይሄዳል። የሙዚየሞች የግዥ ሰነዶችና የነጋዴዎች ደብዳቤዎችም ተጨማሪ ምስክሮች ናቸው።

በዚህ መንገድ ፕሮጀክቱ ከሺያንግታንግሻን እንደወጡ የሚታመኑ ከ100 በላይ ቅርሶችን መለየት ችሏል።

ከኮምፒዩተር ወደ ሕዝብ

የጥናቱ ውጤት በ2010 መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስማርት የጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ቀረበ። ኤግዚቢሽኑን ስማርት ሙዚየምና በዋሽንግተን የሚገኘው አርተር ሳክለር ጋለሪ በጋራ ያዘጋጁት ሲሆን፣ በ2011 በዋሽንግተን፣ ከዚያም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ታይቷል። በተለያዩ ሙዚየሞች ተለያይተው የቆዩ ሐውልቶች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ቆሙ። ከእነርሱም ጋር የሰሜናዊው ክፍል ደቡብ ዋሻ በዲጂታል ምስል ተሠርቶ ቀረበ። ጎብኚውም በዋሻው መካከል የቆመ ያህል ሆኖ የአሁኑን የፈራረሰ ግድግዳና የተነሡት ሐውልቶች ይገኙበት የነበረውን ስፍራ እያነጻጸረ ለመመልከት ቻለ።

በዚህ ረገድ ሊታወቅ የሚገባው አንድ የአሠራር ጥንቃቄ አለ። ዲጂታል ምስል የጎደለውን ሁሉ ሞልቶ ማሳየት ይችላል። ነገር ግን በማስረጃ የተረጋገጠውንና በግምት የተሞላውን ሳይለይ የሚያሳይ ምስል ተመልካቹን ያሳስታል። ስለዚህ ጠንቃቃ የስብስብ ባለሙያ በማስረጃ የተረጋገጠው፣ የሚገመተውና የሚያጠራጥረው በመዝገቡ ለየብቻ እንዲጻፉ ያደርጋል። በሐውልት ገበያው ሐሰተኛ ሥራዎችም ይሸጡ ስለነበር፣ «አይታወቅም» ብሎ መመዝገብ እንደ ድክመት ሳይሆን እንደ ትክክለኛ መረጃ ይቆጠራል።

የቲያንሎንግሻን ዋሻዎችና የተመለሰው ራስ

ማዕከሉ በ2013 የቲያንሎንግሻንን ዋሻዎች የሚመለከት ሁለተኛ ፕሮጀክት ጀመረ። ቲያንሎንግሻን በሻንሺ ግዛት በታይዩዋን ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ ሲሆን፣ ከምሥራቃዊ ዌይ ሥርወ መንግሥት እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት ባሉት ዘመናት የተፈለፈሉ 25 ያህል ዋሻዎች አሉት። ጃፓናዊው ምሁር ሴኪኖ ታዳሺ በ1918 ስፍራውን ጎብኝተው በጽሑፍና በፎቶግራፍ ካስተዋወቁት በኋላ ዝናው ወጣ። ዝናው ግን ለስፍራው ጥበቃ አላስገኘለትም። በ1920ዎቹ ዓመታት ሐውልቶቹ በብዛት ተቆርጠው ተወሰዱ። ስፍራውን ለዓለም ያስተዋወቁት እነዚያው የ1918 ፎቶግራፎች ዛሬ የጠፋውን ለመለየት ዋነኛ ማስረጃ ሆነዋል።

የዋሻዎቹ የሦስት አውታር ቀረጻ ከታይዩዋን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተከናውኗል። በየሙዚየሙ ያሉት ስብርባሪዎችም ተቀርጸው በየዋሻው ስፍራቸው እንዲታዩ ተደርጓል። በዚህ አሠራር ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። የቻይናው ዩኒቨርሲቲ ዋሻው ባለበት ስፍራ ይሠራል፤ የአሜሪካው ደግሞ በውጭ የሚገኙትን ያፈላልጋል። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ ውጤት ሊያገኝ አይችልም ነበር።

የእንዲህ ዓይነቱ መረጃ ዋጋ በ2020 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት መስከረም ወር የቻይና ብሔራዊ የባህል ቅርስ አስተዳደር በጃፓን በሐራጅ ሊሸጥ የቀረበ የቡድሃ ራስ ተመለከተ። ባለሙያዎች ባደረጉት ማጣራት ራሱ የቲያንሎንግሻን ስምንተኛ ዋሻ ሰሜናዊ ግድግዳ ዋና ሐውልት መሆኑ ታወቀ። ስምንተኛው ዋሻ በ584 በሱይ ሥርወ መንግሥት ዘመን መሠራቱን የሚያመለክት የድንጋይ ጽሑፍ ያለው ነው። የቻይና መንግሥት ባቀረበው ጥያቄ ሽያጩ ተሰረዘ። በጃፓን የሚኖር አንድ ቻይናዊ የሐራጅ ድርጅት ኃላፊም ራሱን ገዝቶ ለቻይና መንግሥት በስጦታ አበረከተ። ራሱ በታኅሣሥ ወር 2020 ቤጂንግ የደረሰ ሲሆን፣ በ2021 ወደ ቲያንሎንግሻን ተመልሷል።

አንድ ቅርስ በገበያ ሲታይ «ይህ የእኛ ነው» ማለት በቂ አይደለም። ከየትኛው ዋሻ፣ ከየትኛው ግድግዳ እንደተነሣ የሚያረጋግጥ አሮጌ ፎቶግራፍና መለኪያ ያስፈልጋል። ሐራጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚከናወን ከሆነ ማስረጃውን ያን ጊዜ መፈለግ መጀመር አይቻልም። ማስረጃው አስቀድሞ ተደራጅቶ መገኘት አለበት።

የጥቅልል ሥዕሎች ልዩ ጠባይ

የቻይና ጥበብ ዲጂታል ስብስብ ሐውልትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የቺካጎው ማዕከል የምሥራቅ እስያ የእጅ ጥቅልል ሥዕሎችንም በዲጂታል መልክ አደራጅቷል። የእጅ ጥቅልል በሐር ወይም በወረቀት ላይ የተሣለ ረጅም ሥዕል ሲሆን፣ እንደ ግድግዳ ሥዕል በአንድ ጊዜ አይታይም። ተመልካቹ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከቀኝ ወደ ግራ የአንድ ክንድ ያህል እየፈታ፣ ያየውንም እየጠቀለለ ይመለከተዋል። ሥዕሉ የሚነበበው እንደ መንገድ ጉዞ ነው።

በሙዚየም ደግሞ ጥቅልሉ ብርሃን እንዳይጎዳው የሚገለጠው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከፊሉ ብቻ ይገለጣል። በመጽሐፍ ሲታተም ወደ ገጾች ይቆራረጣል። በኮምፒዩተር ግን ሥዕሉ ሳይቆረጥ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንቀሳቀሰ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ዋናው ሥዕል ሳይነካ ተማሪው በጥንቱ የአመለካከት ሥርዓት ያየዋል ማለት ነው።

የሥራውን ስፋት በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘውና የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሠዓሊ ዣንግ ዜዱዋን ሥራ እንደሆነ የሚታወቀው «ወንዙን ተከትሎ በቺንግሚንግ በዓል» የተሰኘው ጥቅልል ቁመቱ 24.8 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 528 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሥዕል በተለመደው የኅትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢቀረጽ፣ በርዝመቱ ከ62,000 በላይ ነጥቦች ይኖሩታል። ሳይጨመቅ ሲቀመጥም ወደ 550 ሜጋባይት ቦታ ይወስዳል። ይህ የአንድ ሥዕል አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ በጀት ሲያዝ የመሣሪያው ግዥ ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ የሚቀመጡበት ስፍራ ወጪም ከመጀመሪያው መታሰብ ይኖርበታል።

የስምና የዘመን አመዘጋገብ

በቻይና ጥበብ መዝገብ እጅግ አስቸጋሪው ጉዳይ የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ሠዓሊ ከትውልድ ስሙ ሌላ የአዋቂነት ስምና ራሱ የመረጣቸው በርካታ የብዕር ስሞች ሊኖሩት ይችላል። ለምሳሌ ከ1626 እስከ 1705 የኖረው ታላቅ ሠዓሊ ባዳ ሻንረን እና ዡ ዳ በሚባሉ ሁለት ስሞች ይታወቃል። አንዱ ተቋም በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ስም ቢመዘግበው ሥዕሎቹ የሁለት ሰዎች ሥራዎች መስለው ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ ዋና ስም ይመረጥና ሌሎቹ ስሞች በሙሉ ከእርሱ ጋር ተያይዘው ይመዘገባሉ።

ቻይንኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ለረጅም ጊዜ የተለያዩ ሥርዓቶች ሲሠራባቸው ቆይቷል። በብዙ የምዕራብ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ዌድ ጃይልስ የተባለው ሥርዓት ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፒንዪን ወደተባለው ሥርዓት የተሸጋገረው በጥቅምት ወር 2000 ነው። በመሆኑም ከዚያ በፊት የተጻፉ የሙዚየም ካርዶችና መጻሕፍት የቦታና የሰው ስሞችን በሌላ አጻጻፍ ይይዛሉ። ጠንቃቃ ስብስብ የቻይንኛውን ጽሑፍ፣ አዲሱንና አሮጌውን አጻጻፍ በአንድነት ይመዘግባል። ይህን የሚያከናውነው ቋንቋውን የሚያነብ ሰው እንጂ መሣሪያ ብቻ አይደለም።

በሥዕሎች ላይ የሚገኙ ማኅተሞችም ሌላው የመረጃ ምንጭ ናቸው። የቻይና ሥዕል ሰብሳቢዎችና ነገሥታት ሥዕሉ በእጃቸው መግባቱን ለማሳየት ቀይ ማኅተም ያሳርፉበት ነበር። በጥቅልሉ መጨረሻም አስተያየታቸውን ይጽፉበት ነበር። ማኅተሞቹና ጽሑፎቹ ተነበው ሲመዘገቡ ሥዕሉ ለመቶ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ይገለጣል። የሥዕሉን መካከል ብቻ አንስቶ ጠርዙንና ማኅተሙን የቆረጠ ፎቶግራፍ ይህን ታሪክ ያጠፋል።

ስምምነት፣ መብትና ዘላቂነት

ዩኒቨርሲቲው የሚያደራጃቸው ቅርሶች በአብዛኛው የሌሎች ተቋማት ንብረት ስለሆኑ ሥራው ያለ ጽሑፍ ስምምነት አይጀመርም። ስምምነቱ ምስሉን የማንሣት ፈቃድ፣ የምስሉ ባለቤትነት፣ ለምርምርና ለትምህርት የመጠቀም መብት፣ ለንግድ የማዋል ገደብና ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ምስሎቹ በማን እጅ እንደሚቆዩ መወሰን አለበት። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፕሮጀክት በተወሰነ ዓመት ያልቃል፤ ስብስቡ ግን መቀጠል አለበት።

በቴክኒክ በኩል የተለመደው አሠራር ያልተጨመቀ ዋና ምስል በአስተማማኝ ስፍራ አስቀምጦ፣ ለድረ ገጽ የሚሆነውን ቀላል ቅጂ ከእርሱ ማዘጋጀት ነው። ዋናው ምስል በአንድ ስፍራ ብቻ ከተቀመጠ በአንድ ብልሽት ሊጠፋ ስለሚችል በተለያዩ ስፍራዎች ቅጂዎች ይኖሩታል። ፎቶግራፍ ሲነሣም የቀለም መለኪያ ሰሌዳ አብሮ እንዲታይ ይደረጋል፤ ያለዚያ የሐሩ ቡናማነት የሥዕሉ ይሁን የመብራቱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የዲጂታል ፋይል ዓይነቶችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በየጊዜው ስለሚለወጡም ፋይሎቹን በየወቅቱ መፈተሽና ወደ አዲስ ዓይነት ማሸጋገር ቋሚ ተግባር ነው።

የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሞክሮ

በዚሁ መስክ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተሠማርተዋል። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከቻይናው የዱንሁዋንግ አካዳሚ ጋር በመተባበር በአንድሪው ሜለን ፋውንዴሽን ድጋፍ የዱንሁዋንግ ሞጋዎ ዋሻዎችን የግድግዳ ሥዕሎች በዲጂታል ፎቶግራፍ መቅረጽ ጀምሯል። ሞጋዎ 492 ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው ዋሻዎችና 45,000 ካሬ ሜትር የግድግዳ ሥዕል የሚገኙበት ስፍራ ነው። የዱንሁዋንግ አካዳሚ ራሱም በ2016 የ30 ዋሻዎችን ዲጂታል ምስል በድረ ገጽ ለዓለም ክፍት አድርጓል።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ጀምስና ሉሲ ሎ የተባሉ ባልና ሚስት በ1943 እና በ1944 በዱንሁዋንግ ያነሷቸውን ከ2,500 በላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ይዞ አደራጅቷል። እነዚህ ፎቶግራፎች ሥዕሎቹ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ምን ያህል እንደተለወጡ ለማወቅ ያገለግላሉ። በቻይናም የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከ260 በላይ ተቋማት የሚገኙ ከ12,000 በላይ ጥንታዊ የቻይና ሥዕሎችን ምስል አሰባስቧል።

ዲጂታል ስብስብ የማይተካው

ዲጂታል ስብስብ ቅርሱን አይተካም። የድንጋዩ ቅዝቃዜና ክብደት፣ በዋሻው ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ሰዓት፣ የሐሩ ሽመና በመስኮት ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ አይገለጡም። የባለቤትነት ጥያቄንም አይፈታም። ቻይና የባህል ንብረት ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለውን የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት የተቀበለችው በ1989 ሲሆን፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋርም በ2009 የጥንታዊ ቅርሶች ገቢ ንግድን የሚገድብ ስምምነት ፈጽማለች። እነዚህ ሕጎች ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለወጡት ቅርሶች ወደ ኋላ ተመልሰው አይሠሩም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጉዳዮች የሚፈቱት በድርድር፣ በስጦታ ወይም በረጅም ጊዜ ትብብር ነው።

አንዳንድ ወገኖች ምስሉ ከተሰጠ ቅርሱ መመለስ አያስፈልገውም የሚል አስተያየት ሲያቀርቡ፣ ሌሎች ደግሞ ምስል የመመለስን ጥያቄ ማዘግያ እንዳይሆን ያሳስባሉ። የቲያንሎንግሻን ራስ ታሪክ የሚያሳየው ግን መዝገብና መመለስ የግድ የሚቃረኑ አለመሆናቸውን ነው። ራሱ በሐራጅ በታየ ጊዜ ማንነቱ ሊረጋገጥ የቻለው አስቀድሞ የተቀመጠ የፎቶግራፍና የጥናት ማስረጃ ስለነበረ ነው።

በአጠቃላይ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲና በአጋሮቹ የተከናወነው ሥራ ለዓመታት የዘለቀ የመዝጋቢዎች፣ የፎቶግራፍ አንሺዎችና የቋንቋ አዋቂዎች ድካም ውጤት ነው። በ1918 እና በ1936 ዋሻዎቹን የቀረጹት ምሁራን ሥራቸው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተሰበረን ራስ ወደ ቦታው ለመመለስ ያገለግላል ብለው አላሰቡ ይሆናል። የፎቶግራፉን ዓመት፣ የዋሻውን ቁጥርና የግድግዳውን አቅጣጫ መዝግበው በማስቀመጣቸው ግን ይህ ሊሆን ችሏል።